የቃሪያ ችግኝዎ ቀጨጨ? ከመንቀልዎ በፊት

የበርበሬ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር በየጓሮው፣ በየበረንዳውና በየተቆረጠው ጀሪካን ቃሪያ የሚዘራው ሰው ይበዛል። አብዛኛውን ሰው የሚገጥመው ነገር ግን ተመሳሳይ ነው። ከጎኑ የተዘራው ጎመን በሳምንቱ ብቅ ብሎ በወር ከግማሽ ለድስት ሲደርስ፣ ቃሪያው ወይ ጭራሽ አልበቀለም፣ ወይ ሁለት ቅጠል አውጥቶ ባለበት ቆሟል። ወር ይሞላዋል፣ አራት ቅጠል ነው። ሁለት ወር ይሆነዋል፣ ከጣት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የሚደረገው የታወቀ ነው። አንዱ አመድ ይነሰንስበታል፣ ሌላው ፍግ ይከምርበታል፣ ሦስተኛው ጠዋትና ማታ ውሃ ያንቆረቁርበታል። በመጨረሻም «ይህ አፈር ለቃሪያ አይሆንም» ተብሎ ይነቀልና ቦታው ለጎመን ይሰጣል።

በአዲስ አበባና በመሰል ደጋማ ከተሞች ያለ የቀጨጨ የቃሪያ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የተራበ አይደለም፤ የበረደው ነው። የሚደረግለት ሁሉ ደግሞ ብርዱን የሚያባብስ ነው።

በርበሬ ከማንም በላይ የእኛ ቢመስለንም የዘር ሐረጉ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ምድር ነው። ወደ ሌላው ዓለም መሰራጨት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በኋላ ነው። ምንም ያህል ዘመን ከእኛ ጋር ቢኖር ሙቀት ወዳድነቱን አልተወም። በአገራችን በበርበሬያቸው የሚታወቁት እነ ማረቆ፣ ሀላባ፣ ስልጤና ቡሬ አብዛኛው ክፍላቸው ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ግን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። ቀን ላይ ፀሐዩ ቢያቃጥልም ሌሊቱን የቀዘቀዘው አፈር ቶሎ አይሞቅም። ችግኙ ደግሞ የሚኖረው ሥሩ ባለበት ሙቀት ነው።

የቁጥሩን ልዩነት ማወቅ ብዙ ተስፋ መቁረጥን ያስቀራል። የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ከሆነ የቃሪያ ዘር በ8 ቀን ገደማ ይበቅላል። ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ 12 እና 13 ቀን ይወስዳል። በ15 ዲግሪ 25 ቀን ያህል ይፈጃል። በ10 ዲግሪ ከነጭራሹ አይበቅልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ ውጭ መደብ ላይ ዘርቶ በሁለተኛው ሳምንት «ዘሩ የሞተ ነው» ብሎ መደቡን መገልበጥ ገና እየተንቀሳቀሰ ያለውን ዘር መድፋት ነው። ሚጥሚጣ የዘራ ሰው ከዚህም በላይ ይታገስ፤ በደህናው ሙቀት እንኳ ሦስትና አራት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው።

ዘሩ ከየት መጣ?

ከብርዱ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ብዙ ሰው ለወጥ ወይም ለስንግ ከገዛው አረንጓዴ ቃሪያ ላይ ፍሬውን አራግፎ ይዘራል። አረንጓዴ ቃሪያ ያልበሰለ ፍሬ ነው፤ ዘሩም አልደረሰም። ከመካከሉ ጥቂቱ ቢበቅል እንኳ ደካማ ችግኝ ይሆናል። ለዘር የሚሆነው ተክሉ ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ የቀላ ፍሬ ነው። ከገበያ የሚገዛ የደረቀ ዛላም ይሆናል፤ ዛላው የዘንድሮ መሆኑን፣ ያልሻገተና በእሳት ያልደረቀ መሆኑን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል። የቃሪያ ዘር በተለመደ የቤት አቀማመጥ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የመብቀል አቅሙ እየደከመ ይሄዳል።

ለደረቅ በርበሬ ማረቆ ፋና በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾጤ፣ መልካ አዋዜና መልካ ዛላም አሉ። በፓኬት የሚሸጡት ከውጭ የሚገቡ ዲቃላ ዘሮች በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጣሉ፤ ከፍሬያቸው ዘር አስቀርቶ በዓመቱ መዝራት ግን አያዋጣም፤ እናታቸውን አይመስሉም። በነገራችን ላይ ሚጥሚጣና ቃሪያ ጎን ለጎን ከተተከሉ ሊዳቀሉ ይችላሉ። የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም፤ ከእሱ የሚወሰደው ዘር ግን በዓመቱ ያልተጠበቀ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ዘሩን የሚጠራጠሩ ከሆነ መደብ ከማበጀትዎ በፊት አሥር ፍሬ ይሞክሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባትና ስምንቱ ካቆጠቆጠ ጥሩ ዘር ነው። ሦስቱ ብቻ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

እንደ ብቅል

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው የቃሪያን ዘር እንዴት ማብቀል እንዳለበት ሳያውቀው ያውቃል። ብቅል ለማብቀል እህሉ ይነከራል፣ ይጠለላል፣ ተሸፍኖ ሞቅ ባለ ጥግ ይቀመጣል፤ ለብርድና ለነፋስ አይሰጥም። ለቃሪያም ይኸው ነው። ዘሩን ለብ ባለ ውሃ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት። በማግስቱ አጠልለው በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉትና በፌስታል ውስጥ አድርገው ማድ ቤት፣ ከምድጃው ፈንጠር ብሎ ወይም ማቀዝቀዣው አናት ላይ ያስቀምጡት። ምጣዱ ላይ ወይም እሳቱ አጠገብ ግን አይሁን፤ ይቀቀላል። በየቀኑ ከፍተው አየር ያስገቡለት፤ ጨርቁ ሲደርቅ ያርጥቡት። ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ጫፉን ሳይሰብሩ ወደ አፈር ያዛውሩት።

አፈሩን ሦስት እጅ የጓሮ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ይቀላቅሉት። ዘሩ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ አይቀበር። ለዚህ የተቆረጠ የውሃ ሃይላንድ፣ የእርጎ ኩባያ ወይም ትንሽ ፌስታል ይበቃል፤ ታችኛው ወገን መበሳቱን ግን አይርሱ። ግልጽ የሆነውን የሃይላንድ የላይኛውን ግማሽ እንደ ክዳን ቢደፉበት ሙቀቱን ይይዛል። ሲበቅል ክዳኑን ቀን ቀን ያንሱት፤ ታፍኖ ከዋለ ይሻግታል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ የዘር ቅጠሎች ይዘረጋሉና ችግኙ ዝም ይላል። ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለትና ሦስት ሳምንት ከላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሥሩ ወደ ታች እየሠራ ነው። ቅጠሎቹ አረንጓዴና ቀጥ ያሉ እስከሆኑ ድረስ ምንም አያድርጉ።

መቼ ይዘራ?

«ገበሬው በሰኔ አይደል እንዴ የሚተክለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በዝናብ በሚለማባቸው አካባቢዎች ችግኙ በመጋቢትና በሚያዝያ መደብ ላይ ይፈላና በሰኔና በሐምሌ ማሳ ላይ ይተከላል። የእነዚያ አካባቢዎች ክረምት ግን የአዲስ አበባን ክረምት አያህልም። እዚህ ሰኔ ላይ የተተከለ ለጋ ችግኝ የሚጠብቀው ደመና፣ የጨቀየ ቀዝቃዛ አፈርና አልፎ አልፎም በረዶ ነው። እስከ መስከረም ባለበት ይቆማል፤ መስከረም ላይ ሊነቃ ሲል ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ይመጣበታል።

በከተማችን ሞቃቱ ወቅት ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ቤት ውስጥ ዘርቶ፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ወደ ጓሮ ማውጣት የተሻለ ነው። ተክሉ ክረምቱ ሲገባ ጉልበት ያለው ይሆናል፤ አንዳንዱም ማፍራት ይጀምራል። አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላሉ አንባቢያን ይህ ሁሉ ጭንቀት የለባቸውም፤ የእነሱ ችግር ፀሐይና ውሃ ነው።

ውሃው

ቀጥሎ ያለው ትልቁ ጥፋት ውሃ ማብዛት ነው። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥሩም አየር ያጣል። የሚገርመው ውሃ የበዛበት ችግኝ ልክ ውሃ እንደጠማው ሁሉ ቅጠሉን ይጥላል፣ ይገረጣል። ባለቤቱም አይቶ ያዝንለትና ይጨምርለታል። ስለዚህ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ይጠይቁ። ጣትዎን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ካለ ያንን ቀን አያጠጡ። ደረቅ ከሆነ ከታች በኩል እስኪንጠባጠብ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጥተው ይተዉት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት የላዩን ብቻ ያረጥባል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ማታ የተጠጣ ችግኝ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ረፈድ ሲል ማጠጣት ይሻላል። ሌሊቱን የቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ከማፍሰስ በጀሪካን ፀሐይ ላይ የዋለውን መጠቀም ጥሩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ሳያስበው እያደረገው ነው።

ችግኙ አንገቱ ላይ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ በአንድ ሌሊት ከተኛ ምክንያቱ አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ ነው፤ እሱንም የሚጋብዘው እርጥበትና መጨናነቅ ነው። የወደቀው አይድንም። የቀሩትን ማሳሳት፣ ውሃ መቀነስና አየር እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ አፈሩ ላይ ከመዝራትዎ በፊት የፈላ ውሃ አፍስሰውበት ቢቀዘቅዝ ችግሩ ይቀንሳል።

ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ለዚህ የተጋለጠ ነው። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ ጓሮ መደቡን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ብስባሽና አሸዋ መቀላቀል ግድ ነው። ከፍ ያለ መደብ ውሃውን ያንጠፈጥፋል፣ ቶሎም ይሞቃል። የሣር ጉዝጓዝ በቆላ እርጥበት ስለሚይዝ ይመከራል፤ በደጋ ግን ፀሐዩ አፈሩን እንዳያሞቅ ይከለክላል። ችግኙ እስኪጠነክር አፈሩን ባዶ መተው፣ ወይም በዙሪያው ጠቆር ያሉ ድንጋዮች መደርደር ይሻላል፤ ድንጋዩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከነጭ ወይም ከቢጫ ግድግዳ ሥር፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ካለዎት ከዚያ የተሻለ አይገኝም።

ብርሃንን በተመለከተ ብዙ አንልም። ቃሪያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ቀጥኖ፣ ረዝሞና ወደ መስኮቱ ተጣሞ የሚያድግ ችግኝ ብርሃን ያጣ ነው፤ ቁመቱ አያታልልዎ።

አመድ፣ ፍግና የቡና አተላ

ምግብ የሚያስፈልገው ሙቀቱ፣ ውሃውና ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የበረደው ሥር የተሰጠውን አይወስድም። ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ፎስፈረስ አነሰው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ እያለ በብርዱ ምክንያት ሥሩ መሳብ አቅቶት ነው። ሲሞቅ ራሱ ይስተካከላል። የታችኛዎቹ ቅጠሎች እኩል ገርጥተው ወደ ቢጫ ከሄዱና አፈሩም ያልጨቀየ ከሆነ ያኔ ናይትሮጅን አንሶታል ማለት ይቻላል።

አመድ ናይትሮጅን የለውም። ፖታሽ አለው፤ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ይቀንሳል። እንጦጦ ሥር ላለው ቀይ አፈር ጥቂት ቢነሰነስ ሊጠቅም ይችላል፤ ለጥቁሩ አፈር ግን ፋይዳው እምብዛም ነው። ትኩስ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ ኩስ፣ ለጋ ሥር ያቃጥላል፤ ቢያንስ ሦስት ወር ይበስብስ። የቡና አተላም በየቤቱ ስለሚተርፍ ችግኝ ሥር መድፋቱ ተለምዷል። ሳይበሰብስ በብዛት ከተደፋ ላዩ ይጋገራል፣ የለጋ ችግኝንም እድገት ይገታል። ብስባሽ ጉድጓዱ ውስጥ ከሌላው ጋር ይብላላ።

አራት እውነተኛ ቅጠል ያወጣ ችግኝ በሥሩ ዙሪያ አንድ እፍኝ የበሰበሰ ብስባሽ ይበቃዋል። ዩሪያ ያለው ሰው በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በጥብጦ በሁለት ሳምንት አንዴ አፈሩን ቢያጠጣ ለውጡን ያያል። ዱቄቱን በደረቁ ግንዱ ሥር ማስቀመጥ ግን ችግኙን መግደል ነው። ዩሪያ የበዛበት ቃሪያም ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

ጠቦት ይሆን?

አንዳንዱ ችግኝ የሚቀጭጨው ዕቃው ስለጠበበው ነው። ከኩባያው ግርጌ ሥር ከወጣ ወይም ቀስ ብለው ሲያወጡት ሥሩ ዙሪያውን የተጠቀለለ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ችግኝ ከተዘራ ከሰባትና ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ቅጠል ሲኖረው ይዛወራል። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ውጭ እያዋሉ ፀሐዩንና ነፋሱን ያለማምዱት። ሲተክሉ ደመናማ ቀን ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይምረጡ፤ ከነአፈሩ አውጥተው በነበረበት ጥልቀት ይትከሉት። በመካከላቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይተዉ። ጓሮ የሌለው ተከራይ 20 ሊትር ጀሪካን ቆርጦ ወይም በቀለም ባልዲ አንድ አንድ እግር ሊተክል ይችላል፤ ቤት ሲቀይርም ይዞት ይሄዳል።

ከተዛወረ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት እንደገና ይቆማል። አይደናገጡ። ገና ሳይጠነክር የሚያወጣቸውን የመጀመሪያ አበቦች ቀንጥሱ ብንልዎ ይጨክንብዎ ይሆናል፤ ግን ይቀንጥሱ። በአንድ ስንዝር ቁመት ላይ ፍሬ የተሸከመ ተክል እድገቱ እዚያው ይቀራል። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ወቅት አበባው በራሱ የሚረግፍም ይሆናል።

መነቀል ያለበት

የማይድን ችግኝም አለ። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ዥንጉርጉር ሆኖ፣ ተጨማድዶና አንሶ የሚወጣ ከሆነ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ሌሎቹን ሳይነካ ይነቀል፣ ይቃጠል። ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምቱት በቅጠሉ ጀርባ የሚሰፍሩት ክሽክሾች ናቸው። እነሱን በሳሙና ውሃ አጥቦ መቀነስ ይቻላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል። ሌሊት ግንዱን ከሥር ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል ሲሆን ጠዋት አፈሩን ጫር ጫር ቢያደርጉት ተጠቅልሎ ያገኙታል። ደህና የነበረው ተክል እርጥብ አፈር ላይ በድንገት ጠውልጎ ከቀረ የሥር በሽታ ነው። ያንን ቦታ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ለቃሪያ፣ ለቲማቲም፣ ለድንችም ሆነ ለደበርጃን አይስጡት፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ከዚህ ውጭ ያለው፣ አንሶ ግን አረንጓዴ የሆነ፣ ከመሃሉ ለጋ ቅጠል ለማውጣት የሚሞክር ችግኝ አይነቀል። ቦታውን ወደ ፀሐይ ለውጠው፣ ውሃውን ቀንሰው ሦስት ሳምንት ይስጡት።

ምን ያህል እንደሚገኝም አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። በከተማ ጓሮ የዓመት በርበሬ አይደርስም። ለአንድ ቤተሰብ ድልህና በርበሬ የሚበቃ ዛላ ብዙ መሬት ይፈልጋል፤ በደጋም ፍሬው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ለመቅላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። አሥርና አሥራ አምስት እግር ቃሪያ ግን ለዕለት ስንግና ለወጥ የሚሆነውን ከገበያ መግዛትን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በጾም ወራት ደግሞ ይበልጥ ይታወቃል። ከዘር እስከ መጀመሪያው ፍሬ በአዲስ አበባ አራትና አምስት ወር ይቁጠሩ።

አንድ ጊዜ ያፈራ ተክልም ወዲያው አይጣል። ቃሪያ በባሕርይው ከዓመት በላይ የሚቆይ ተክል ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ካለፈ በኋላ፣ ጥር መጨረሻ ላይ የደረቁትን ቅርንጫፎች ቆርጠው፣ ጤነኞቹን አሳጥረው ሥሩ ላይ ብስባሽ ቢያለብሱት፣ በሁለተኛው ዓመት ከአዲሱ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል።